ዱልዱም አውራ ጣት

የንግስትን ቤት የከፈትኩት በመጥረቢያ ነው። ቁልፉ ካሳ እጅ ነበር፤ በስልክ ስጠይቀው "ጠፍቶብኛል" አለኝ። እንግዲያው ብዬ መጥረቢያ ያዝኩ። ከመካነ ኢየሱስ እስከ ወገዳ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጬ፣ ከወገዳ እስከ ወይራ አምባ ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ሳንቃው አርጅቷል፤ ሦስት ምት አልቻለም።

ንግስት የአባቴ እህት ናት። አግብታ ፈታ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ በአያቶቼ ቤት ብቻዋን ኖራ ከሞተች አምስት ዓመት ሆናት። ከመሞቷ በፊት በሽማግሌ ፊት "ቤቱ የጌጤ ነው" ብላለች። ጌጤ እኔ ነኝ፤ የወንድሟ የጥሩነህ ልጅ። ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል፤ ካሳም አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል። ካሳ የታላቅ አጎቴ የዘመነ ልጅ ነው፤ ወገዳ ላይ የእህል መጋዘን አለው። አምስት ዓመት ሙሉ ወደ ቤቱ ዞር ብሎ አላየም። እውነቱን ልናገርና እኔም አላየሁም። እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ ምግብ ቤት አለኝ፤ ድስት የጣደች ሴት ወዴት ትሄዳለች? በዚያ ላይ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ነው የከረመው። ታዲያ ባለፈው መስከረም ቀያሾች መጥተው ከቤቱ ፊት ለፊት ቀይ ቀለም የተቀባ ችንካር ተከሉ። መንገድ ሊያልፍ ነው፣ ቦታው ዋጋ ሊያወጣ ነው ተባለ። ያን ጊዜ ካሳ ዘመዱ መሆኔ ትዝ አለው።

"እሑድ ሽማግሌ ሰብስቤያለሁ፤ ነይና እንነጋገር" አለኝ። ካሳን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። "እንነጋገር" ካለ እሱ ተናግሮ ጨርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ሐሙስ ደረስኩ።

ቤቱ ውስጥ የሌሊት ወፍ ኩስና የምስጥ አፈር እንጂ ሌላ አልጠበቀኝም። ቆርቆሮው በአንድ በኩል ተገንጥሎ ሰማይ ይታያል። ዝናቡ በዚያ በኩል እየገባ ንግስት ዕድሜ ልኳን የተኛችበትን የጭቃ መደብ ጫፉን አርሶ አፍርሶታል። ጓዳው ውስጥ ጎታው እንደቆመ ነው፤ ባዶውን። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ መጥረግ እንደጀመርኩ የሞተር ድምፅ ሰማሁ።

ካሳ በሩን አየና ቆመ።

"ሰበርሽው?"

"ቁልፉ ጠፋ አላልከኝም? አገኘሁልህ።" መጥረቢያውን አሳየሁት።

ሳቀ። ካሳ ሲስቅ ደስ ይላል፤ ክፋቱ እሱ ነው። መጥቶ ሦስት ጊዜ ሳመኝ፣ ስለ ደንበኞቼ ጠየቀኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። ከዚያ ግድግዳውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

"እቴ ጌጤ፣ ይኼ ፍርስራሽ ምን ያደርግልሻል? አንቺ እስቴ ላይ ቤት አለሽ፣ ስም አለሽ።"

"ስሜን ተወውና ቤቱን እናውራ። ንግስት የሰጠችኝ ነው።"

"ስምሽን እንዴት ልተወው? ልጅሽ ሳሮን ልትታጭ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ለአስተማሪ። እንኳን ደስ ያለሽ። የልጁ ወገኖች ዘር የሚቆጥሩ ናቸው አሉ፤ ሰባት ቤት ድረስ።"

"ይቁጠሩ።"

"ባባትሽ በኩል ቢቆጥሩ አያታችን ጠጅቱ ዘንድ ይደርሳሉ፤ የባላባት ልጅ። ደግ። በእናትሽ በኩል ግን አትጠገብ ዘንድ ሲደርሱ ምን ልትያቸው ነው?"

 አትጠገብ እናቴ ናት። ስሟ በእኛ ቤት አይጠራም ነበር።

"ጠይብ ነበረች" አለ ካሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ያዘነ መስሎ። "እኔ አልናገርም። ወንድምሽ ነኝ። እሑድ ወረቀቱ ላይ አሻራሽን ታኖሪልኛለሽ፣ ነገሩ እዚያው ይቀበራል። አላኖርም ካልሽ ግን በሽማግሌ ፊት ዘር መቆጠሩ አይቀርም። ወሬ ደግሞ አይሱዙ አይጠብቅም፤ ካንቺ ቀድሞ እስቴ ይገባል። ከጠይብ ልጅ እጅ ማን ወጥ ይበላል?"

ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ይህን ቃል እናንተም ታውቁታላችሁ። ጠይብ ሸክላ የሚሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ነው። ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይጋልባል ይሉታል። እንስራውን ገዝተን ውኃ እንጠጣበታለን፤ እንስራውን የሠራችውን ሴት ግን ማዕዳችን ላይ አናስቀምጥም። እኔም ከዚህ የተሻልኩ አልነበርኩም። ምግብ ቤቴ ደጃፍ ድስት የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ ገንዘቧን የምሰጣት መሬት ላይ አስቀምጬ ነው። ያን ቀን እሷ ትዝ አለችኝ።

ፈራሁ፤ አልዋሽም። ለቤቱ አይደለም የፈራሁት። ለሳሮን ነው።

እናቴን ሲያባርሯት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሰባ ሰባት፣ ያ ክፉ ቀን፣ ባለፈ በዓመቱ። አጎቶቼ እደጅ ቆመው ይጮሃሉ። እናቴ ነጠላዋን ብቻ ለብሳ ወጣች፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጸጉሬን በእነዚያ እንደ ሸንበቆ በረዘሙ ጣቶቿ ወደ ኋላ መለሰችልኝና ቁልቁል ወረደች። ወደ መተከል ለሰፈራ ከሚሄዱት ጋር ሄደች፤ እዚያው ወባ ገደላት ተባለ። አባቴ ጓዳ ገብቶ አልወጣም። አያቴ ጠጅቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሁለት እጇን ጋቢዋ ውስጥ ደብቃ ተቀምጣለች። ያኔ ብርድ የያዛት መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት መደቡን ልጠግን ተነሣሁ። ብሸነፍም ባልሸነፍም እሑድ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ያስፈልጋል። ጭቃ አቡክቼ ጭድ ቀላቅዬ የረሰረሰውን ጫፍ በመጥረቢያው ጀርባ ሳራግፈው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። መደብ አይጮኽም፤ መደብ ድፍን ጭቃ ነው። ደግሜ መታሁት። ጭቃው ተገመሰና ክብ የድስት አፍ ወጣ።

በእጄ ቆፈርኩ። አሥራ አንድ ናቸው፤ ድስት፣ ማሰሮ፣ ሁለት ትንንሽ እንስራ፤ በጭድ ተሸጉጠው፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብቶ። እሳት አይተዋል፣ ወጥ ግን አላዩም፤ ጥላሸት የለባቸውም። ከሥራቸው የቅል ስባሪ፣ አንድ ሲፈተግ ኖሮ የእንቁላል ልጣጭ የመሰለ ልሙጥ ድንጋይ፣ አንድ ጓል የደረቀ ቀይ አፈር። ሸክላ ሠሪ የምትይዘው ዕቃ ነው። ድስት ስገዛ አይቼዋለሁ።

ያን ጊዜ ነው የንግስት ቃል የገባኝ። ስትሞት አልደረስኩም፤ በማግሥቱ ነው የደረስኩት። ሴቶቹ "ምላሷ ተሳስሮ 'ገል... ገል... ለጌጤ' እያለች ነው ያረፈችው" አሉኝ። "ገላዬን ጌጤ ትጠበኝ ማለቷ ነው" ብለው ተስማምተው አስከሬኗን ማንም ሳይነካው አቆዩልኝ። እኔም አጠብኳት። አምስት ዓመት ሙሉ ኑዛዜዋን የፈጸምኩ መስሎኝ ስኮራ ኖርኩ። ለካ ገላዬን አላለችም፤ ገሉን፣ ሸክላውን ነው ያለች። በየዓመቱ መደቡን እየለቀለቀች፣ እላዩ ላይ እየተኛች የጠበቀችውን ገል።

ከዚያ ተናደድኩ። ለካ ካሳ እውነቱን ነው፤ እናቴ ጠይብ ነበረች፤ ማስረጃውም እጄ ላይ ነው። ሰው ሳያየው ላደቀው፣ መሬት ላደርገው መጥረቢያውን አነሣሁ። አንዱን ድስት በጆሮው ይዤ ወደ ደጅ ሳወጣው አውራ ጣቴ ጆሮው ሥር ካለች ጎድጓዳ ውስጥ ገባ። ሠሪዋ ጆሮውን ስትለጥፍ በጣቷ የተጫነችው ቦታ ነው። ገባ ስል ዝም ብሎ መግባት አይደለም። እንደ ቀለበት ልክ ሆነልኝ።

የእኛን አውራ ጣት ልንገራችሁ። አጭር ነው፣ ዱልዱም፣ ጥፍሩ ከቁመቱ ወርዱ የሚበልጥ። አያቴ ጠጅቱ ነበራት። አባቴ፣ ዘመነ፣ ንግስት፣ ካሳ፣ እኔ አለን። "የባላባት ጣት ነው፤ ጎራዴ ሲጨብጥ ኖሮ ያጠረ ነው" እየተባልን ነው ያደግን። እኔ ስወለድ አያቴ ጡጫዬን ፈልቅቃ ጣቴን አይታ "የኛ ናት" አለች ይባላል። እናቴ ግን ይህ ጣት የላትም። እናቴ ጣቷ ሸንበቆ ነው።

ሌላውን ድስት አነሣሁ። ገባ። ማሰሮውን፣ ገባ። አሥራ አንዱም ላይ ያው ዱልዱም ጣት አለ። ቁጭ አልኩ። ጎራዴ የጨበጠ የለም፤ ጭቃ ነው የጨበጠው።

ቅዳሜ አንዱን ድስት በነጠላ ጠቅልዬ ወገዳ ወረድኩ። እትዬ አሚና እዚያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ባላቸው ጀላል ነፍሱን ይማርና በአህያ የሚነግድ ሰው ነበር፤ የዚያን ዘመን ገበያ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን ጎልማሳ ነው።

"እትዬ አሚና፣ ይህን ድስት ያውቁታል?"

ተቀብለው አላዩትም፤ ዳሰሱት። ጆሮው ሥር ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ጠጅቱ!" ብለው ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ ይኼን ከየት አመጣሽው? ይኼ ጣት ከጠፋ ስንት ዘመኑ!"

"አያቴ ናት የሠራችው?"

"ታዲያ ማን ሊሠራው ነው? በሰባ ሰባት ጀላል በአራት አህያ እየጫነ አርብ ገበያ ድረስ ያወርደው ነበር። እዚያ የሚያውቃት የለማ። በእህል ይለውጥላታል። ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ወይራ አምባ ላይ ጭስ የሚጨስበት ቤት የናንተ ነበር፤ ከየት መጣ አላልሽም?"

"ልጅ ነበርኩ። በልቼ ዝም አልኩ።"

"እሷማ እዚህ ድረስ አትመጣም፤ ባላባት ናታ! የጠጅቱ አያት ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ከእስቴ ተድራ ስትመጣ ግን ባላባት ሆና መጣች። ተሸክማ የምታመጣልን እናትሽ ነበረች።"

"እናቴስ ትሠራ ነበር?"

"አትጠገብ?" እትዬ አሚና ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። "አንድ ቀን እስቲ ልሞክር ብላ የሠራችው ድስት እንደ ሰካራም አንገቱን ደፋ። ጠጅቱ ስቃ ልትሞት! እሷ እቴ፣ ትከሻ እንጂ እጅ አልነበራትም።"

"ታዲያ ጠይብ ናት ብለው ያባረሯት ለምንድን ነው?"

ሳቃቸው ቆመ። ድስቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"አንድ የሰፈራችሁ ሰው ሸክሟን አየው። ወሬው ቀደማት። ጠጅቱ 'እኔ ነኝ' ብትል ወንዶቹም ንግስትም ልጅ ልጁም ሁሉ ጠይብ ሊባል ነው። አጎትሽ ዘመነ ለመነ፣ ተንበረከከ። 'አንቺ ነሽ በይ፤ ልጅሽን እናሳድግልሻለን፤ ጣቷ የኛ ነው' አላት። ስትሄድ እዚህ ደጃፍ ነው ያረፈችው፤ ከአፏ ነው የሰማሁት። 'የሰው ሸክም ለምጃለሁ እትዬ' አለችኝ። ይኼንኑ ብላ ሄደች።"

 "ለምን እስከዛሬ አልነገሩኝም?"

"ንግስትን ስንት ጊዜ ወተወትኳት። 'ቀኑ ሲደርስ እነግራታለሁ' አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ? የክርስቲያን ዘር ቆጣሪ ነኝ?" ድስቱን መለሱልኝ። "አትስበሪው ብቻ። ጀላል ስለዚህ ድስት ሲያወራ 'ሽሮ ራሱ ይወደዋል' ይል ነበር።"

እመንገድ ላይ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ቆሜ ለሳሮን ደወልኩ። ሳሮን መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ብቸኛ ልጄ ናት፤ የሚያጫት አስተማሪ ወንድማገኝ ይባላል። ሁሉን ነገርኳት፤ ካሳን፣ መደቡን፣ ጣቱን፣ እትዬ አሚናን።

"እማ፣ በቃ ተፈታልሽ እኮ!" አለች። "እናቴ ጠይብ አልነበረችም በያ። ምስክር አለሽ። ካሳ ምን አባቱ ይላል?"

"እንደዚያ ማለት እችላለሁ።"

"ታዲያ?"

"እናቴ ጠይብ አይደለችም ብዬ ከማልኩ ጠይብነት ነውር ነው ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው። ሰባ ሰባትን ያለፍኩት በዚያ ጭቃ ነው፣ ሳሮን። እሱን ረግጬ እናቴን ላጥራት?"

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ? ሃሎ?" ማለት ጀመርኩ።

"አለሁ። የወንድማገኝ ቤተሰቦች ከባድ ናቸው እማ። አባቱ ዲያቆን የነበረ ነው፤ ዘር ዘር ይላል።"

"አውቃለሁ።"

"ሰርጉ ሊቀር ይችላል።"

"እሱንም አውቃለሁ። አንቺ ተይው ካልሽኝ..."

"ተይ አላልኩም!" ጮኸችብኝ፤ ከኋላዋ የታማሚ ሕፃን ለቅሶ ይሰማል። "እኔን ምክንያት አታድርጊኝ ነው የምልሽ። ብትናገሪም ስለ ሳሮን ብዬ አትበይ፤ ዝም ብትይም ስለ ሳሮን ብዬ አትበይ። ለወንድማገኝ እኔው ዛሬ እነግረዋለሁ። ከሰው ከሚሰማ ከኔ ይስማ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው።"

ዘጋችብኝ። ግትርነቷን ከማን እንደወሰደችው ይታወቃል፤ አልተቀየምኩም።

ከጉብታው ወርጄ ቤት እንደገባሁ ድስቱን ጣድኩት። አዲስ ሸክላ ሳያሟሹት ወጥ አይሠራበትም። በተልባና በዘይት አሟሸሁት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠማው ሸክላ ዘይት እንዲህ ይጠጣል ወይ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ዋናው አያ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ በዱላ ነው የሚሄዱ፣ ሲሰሙ አንድ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ወደ ፊት ይገፋሉ። ጥቂት ጎረቤትም ተከትሏቸው መጣ፤ ችንካር ከተተከለ ወዲህ ሁሉም ነገር ሰው ይሰበስባል። ካሳ ኮቱን ለብሶ፣ በፌስታል ወረቀትና የአሻራ ቀለም ይዞ መጣ። ከቤቱ ፊት ወይራው ሥር ተቀመጥን። እኔ ከኋላዬ እሳት አንድጄ ሽሮዬን ጥጃለሁ፤ እንጀራውን ከወገዳ አምጥቻለሁ።

ካሳ አነበበ። "እኔ ጌጤ ጥሩነህ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ቤቱን ከነቦታው ለወንድሜ ለካሳ ዘመነ..." ሌላም ሌላም አለው። ሲጨርስ የቀለሙን ክዳን ከፈተና ወደኔ ገፋ አደረገው።

"የግራ አውራ ጣትሽን።"

"ሦስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ስሜን መጻፍ እችላለሁ" አልኩት።

"አሻራ ይሻላል እቴ ጌጤ። ጣት አይካድም።"

"እውነትህን ነው። ጣት አይካድም።"

ተነሥቼ ገባሁና ከአሥራ አንዱ ገል አሥሩን በእጄ እየተመላለስኩ አውጥቼ ሽማግሌዎቹ እግር ሥር ደረደርኩት። አሥራ አንደኛው እሳት ላይ ነው። የሸክላ ሠሪዋን ድንጋይም አስቀመጥኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ካሳ ግን ብድግ አለ፤ ፊቱ በራ።

"ይኸው! እኔ ለስሟ ስል ልደብቅላት ነበር፤ ራሷ አወጣችው! እናቷ ጠይብ ነበረች። የዚህ ቤት ወራሽ ነኝ የምትለው የጠይብ ልጅ ናት!"

ሁለተኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከጎረቤቶቹ አንዷ ሕፃኗን ወደ ጀርባዋ አዞረችው፤ ዓይኔ እንዳያርፍበት መሆኑ ነው። ጠብቄው ነበር።

"ተቀመጥ ካሳ" አልኩት አንዱን ድስት አንሥቼ። "የሠራችው ሴት ጣቷን ጆሮው ሥር ትታዋለች። የማን እንደሆነ እንይ። ና፣ ያንተን አስገባ።"

"እኔ ለምን ጭቃ እነካለሁ?"

"ጣት አይካድም ያልከው አንተ ነህ።"

አያ ተክለ ሃይማኖት ጆሯቸውን ገፉ። "ምን አለች?"

"ጣቱን እዚህ ውስጥ ያግባ አለች" አላቸው አንዱ ጮክ ብሎ።

"ታዲያ አግባው እንጂ ልጄ፤ አዞ አይደል አይጎርስህ።"

ሰው ሳቀ። ካሳ አልሳቀም። ዓይኑ ጎድጓዳዋ ላይ ወደቀ፤ አጭሯ፣ ሰፊዋ ላይ። ወዲያው አውራ ጣቱን አራቱ ጣቶቹ ውስጥ ደብቆ ጨበጠው። እጁን ከነጡጫው ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ያን ጊዜ አያቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታየችኝ፤ እጇ ጋቢዋ ውስጥ። ለካ ብርድ አልነበረም።

"አያችሁት?" አልኩ። "እኛ ቤት ከጣቱም በላይ እጅ መደበቁ በዘር ይወረሳል።" ከዚያ የራሴን አውራ ጣት ብድግ አድርጌ አሳየኋቸውና ድስቱ ጆሮ ሥር አስገባሁት። ድስቱን በጣቴ ብቻ አንጠልጥዬ አዞርኩላቸው። "የጠጅቱ እጅ ነው። የእናንተ ባላባት፣ የሁላችን አያት። በሰባ ሰባት ይህን ቤት ያበላችው በዚህ ጭቃ ነው። እናቴ ጭቃ ነክታ አታውቅም፤ ተሸካሚ ነበረች። ልጆቹ ጠይብ እንዳይባሉ 'እኔ ነኝ' አለች፣ የናንተን ስም ተሸክማ መተከል ገብታ ሞተች። የዚህ ምስክር አለኝ፤ እትዬ አሚና ወገዳ ላይ በሕይወት አሉ። ይህን የምናገረው ጠይብ አልነበረችም ብዬ ላጥራት አይደለም። የሚጠራ ነገር የለባትም። ጠይብ የምትሉት ይህን ጣት ከሆነ፣ ጠይብ እኔ ነኝ። ካሳም ነው። እሱ ኪሱ ውስጥ ነው፣ የኔ እዚህ ነው።"

ካሳ እጁን ከኪሱ አላወጣም። 

እኔም አልጨረስኩም፤ ጨክኛለሁ። ሽሮውን ከእሳቱ አውርጄ እየተንተከተከ መሐላቸው አስቀመጥኩት። "ይህ የተሠራው በእሷ ድስት ነው። ሦስተኛ ክፍል ያልጨረሰች፣ የጠይብ ልጅ ልጅ የሠራችው ሽሮ ነው። የሚበላ ቀርቦ ይብላ። የማይበላ መንገዱ ያውላችሁ፣ ችንካሩን ተከትሎ መውረድ ነው።"

ሁለተኛው ሽማግሌ ተነሡ። "ዛሬ ሆዴን አሞኛል" አሉና ሄዱ። ሦስተኛው ምክንያትም አልፈለጉም፤ ዱላቸውን አንሥተው ተከተሏቸው። ሕፃን ያዘለችውም ሄደች። ካሳ ወረቀቱን አጣጥፎ "ይህን አንቺ ነሽ በራስሽ ያመጣሽው" አለ፤ ድምፁ ግን ለራሱም አልተሰማው። "የኔንም ልጆች ስም ነው የጨረስሽው።"

"እናቴ እኮ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠበቀችልህ" አልኩት። "ከዚህ በኋላ ራስህ ጠብቀው።"

አያ ተክለ ሃይማኖት ከመቀመጫቸው አልተነቃነቁም። ያልሰሙ መስሎኝ ጠጋ ብዬ ልደግምላቸው ስል እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

"ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አደረግሽኝ። በሰባ ሰባት ከዚህ ቤት አርባ ቀን በልቻለሁ። እህሉ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም፤ የጠየቀ ይሞት ነበር። ለካ ከጠይብ እጅ ነው። ይኸው እስከዛሬ ምን ሆንኩ? ጥርሴ ረገፈ እንጂ!" እጃቸውን ወደ ማስታጠቢያው ዘረጉ። "አምጪ ውኃውን።"

አስታጠብኳቸው። ቆርሰው አጠቀሱ፣ አላመጡ። ሰው ሁሉ አፋቸውን ያያል።

"ጨው አንሶታል" አሉ።

ጨው ጨመርኩ። ሁለተኛ ጉርሻቸውን ሲያነሡ ከጎረቤቶቹ አራት ሰው ቀረበ። አምስተኛዋ ሴት ቆማ ቆማ፣ ከዳር ቁራሽ ብቻ አንሥታ በመዳፏ ይዛ ሄደች፤ ትብላው ትጣለው አላውቅም።

በልተው ሲጨርሱ አያ ተክለ ሃይማኖት "በንግስት ቃል ላይ እኔ ነበርኩ፤ ቤቱ የጌጤ ነው። ሌላ የሰማሁት የለም" አሉ። ከዚያ ወደ ካሳ ዞረው "ወረቀቱን ስጣት፤ መጻፍ እችላለሁ ብላለች" አሉት። ካሳ ወረወረልኝ። ጀርባው ላይ፣ ፊደሌ እንደ በሬ እርሻ ተጣሞ፣ ጻፍኩ፦ "ቤቱን አለቅም። ጌጤ፣ የአትጠገብ ልጅ።" ሰው ሁሉ ባባቱ ይጠራል፤ እኔ ያን ቀን በእናቴ ፈረምኩ።

ካሳ እንደነገረኝ ወሬው ቀደመኝ። ምግብ ቤቴ ደርሼ ስከፍት ሰባት ደንበኛ ጎድሏል። ሁለቱ በሳምንቱ ተመልሰዋል፤ አምስቱ ሲያልፉ ዛሬም ፊታቸውን ያዞራሉ። ደጃፌ ድስት የምትሸጠውን ሴት አሁን ከውስጥ ነው የማስቀምጣት፤ ገንዘቧንም በእጇ ነው የምሰጣት። የወንድማገኝ ሽማግሌዎች እስካሁን አልመጡም። ልጁ ራሱ ግን በየማታው ይመጣል፣ ራቱን እኔው ጋ ይበላል፣ አባቱን ገና እየለመነ ነው። ሳሮን "አልጣደፍም" ትላለች። እኔም አልለምንም። የመጡ ቀን ምን እንደማቀርብላቸውና በምን ድስት እንደማቀርብላቸው አውቀዋለሁ።

ቆርቆሮውን አስመትቻለሁ። መደቡን በራሴ እጅ ሠራሁት፤ ድፍን ነው፣ ከሥሩ ምንም የለም። ገሎቹ ከላይ ናቸው፣ ከበሩ ሲገቡ የሚታዩበት ላይ። ካሳ ያን ቀን የአሻራ ቀለሙን ወይራው ሥር ረስቶት ሄደ። እዚያው ከገሎቹ ጎን አስቀምጬለታለሁ። መጥቶ መውሰድ ይችላል፤ የጠፋውን ቁልፍ ይዞ ከመጣ።